ፕላን ላይ «ፍላይት» ሲል አውሮፕላን አይደለም

ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ የቤት ፕላን እሠራለሁ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ስልኬ ላይ ፎቶ ይመጣል። ፎቶው ላይ ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው፤ ዙሪያው ተቆርጧል። ከሥሩ «ወንድሜ፣ ይቺ ምን ማለት ናት?» የሚል ጥያቄ አለ።

ጠያቂዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ቤት የሚያሠሩ እናቶች አሉ። ገና የተመረቁ ፎርማኖች አሉ። ጨረታ ለመግባት ሌሊቱን ሙሉ ቅጽ የሚሞሉ ትናንሽ ተቋራጮችም አሉ። መልሴ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሙሉ ወረቀቱን ላኩልኝ። ቃሉን ከሥዕሉ ስትቆርጡት ትርጉሙንም አብራችሁ ትቆርጡታላችሁ።

ስለዚህ እኔን ሳትጠብቁ ራሳችሁ የምትፈቱበትን መንገድ ልጻፈው። እንግሊዝኛ መቻል ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ይበልጥ የሚሳሳቱት እንግሊዝኛ የሚችሉት ናቸው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሙሉው የፕላን ጥራዝ። የአርክቴክቸሩም (የቤቱ ቅርጽና ክፍሎች)፣ የስትራክቸሩም (ቤቱን የሚሸከመው ኮንክሪትና ፌሮ)። አንድ ገጽ ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩ።
- ካለ፣ የሥራ ዝርዝርና መጠን የሰፈረበት ሰነድ። ሰዉ «ቢኦኪው» የሚለው።
- ባለ 5 ሜትር ሜትር እና ባለ 30 ሴንቲ ማስመሪያ።
- ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አይሁን፤ መጀመሪያ የጻፋችሁትን ግማሹን ታጠፉታላችሁ።
- መዝገበ ቃላት ያለው ስልክ።
- አንድ ግንበኛ ወይም ፎርማን። ይሄኛው ከመዝገበ ቃላቱ ይበልጣል። ሻይ ጋብዙት።

ደብተሩን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። አንደኛው ላይ ቃሉ እንደተጻፈ። ሁለተኛው ላይ የትኛው ሥዕል ላይ እንዳገኛችሁት። ሦስተኛው ላይ ሳይት ላይ ምን እንደሚሉት። የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ዓምድ የለውም። ረስቼው አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው።

ደረጃ 1፦ የያዛችሁት ሥዕል የትኛው እንደሆነ ለዩ

እያንዳንዱ ወረቀት በስተቀኝ ወይም ከታች ሣጥን አለው። «ታይትል ብሎክ» ይባላል። የሥዕሉ ስም፣ ስኬሉ (ሥዕሉ ከእውነተኛው ልክ ስንት ጊዜ እንዳነሰ) እና የወረቀቱ ቁጥር እዚያ አለ። ማንኛውንም ቃል ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን አንብቡ። ሣጥኑ ውስጥ በብዛት የምታገኟቸው አራት ስሞች ናቸው።

«ፕላን» ከላይ የታየ ነው። ግን ከጣሪያው በላይ አይደለም። ቤቱን ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በአግድም ቆርጣችሁ፣ የላዩን አንስታችሁ፣ ወደ ታች ያያችሁት ያህል ነው። በርና መስኮቱ የሚታየው ለዚህ ነው። የተቆራረጠ መስመር ካያችሁ፣ ከተቆረጠበት በላይ ያለ ወይም የተሸፈነ ነገር ነው።

«ኤሌቬሽን» ውጭ ቆማችሁ ፊት ለፊት ያያችሁት ገጽታ ነው። መዝገበ ቃላት «ከፍታ» ይላችኋል። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ገደማ ናት ሲባልም ቃሉ ያው ነው። እናንተ ወረቀት ላይ ግን ገጽታ ነው።

«ሴክሽን» ቤቱ ከላይ እስከ ታች ሲቆረጥ ነው። ድፎ ዳቦ ስትቆርጡ ውስጡ እንደሚታየው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው «ሴክሽን» ጋር ግንኙነት የለውም። «ዲቴል» ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ጎልቶ የተሣለበት ነው።

ልዩነቱ ካልገባችሁ አራዳ ጊዮርጊስ ሂዱ። ካቴድራሉ ባለ ስምንት ጎን ነው። አንድ ቦታ ቆማችሁ ስታዩት ስምንቱን ጎን አታዩም፤ ከፊታችሁ ያሉትን ብቻ ነው የምታዩት። ያ ኤሌቬሽን ነው። ዙሪያውን ዞራችሁ፣ ዱካችሁን ወረቀት ላይ ብትሥሉት ስምንት ጎን ይወጣል። ያ ፕላን ነው።

ይህ ደረጃ ለምን ይጠቅማል? ያው ቁጥር ወይም ያው ቃል በየወረቀቱ ሌላ ነገር ስለሚናገር። መስኮት አጠገብ የተጻፈ ቁጥር ፕላን ላይ ወርድ ሊሆን ይችላል። ሴክሽን ላይ ግን የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ያለው ርቀት ይሆናል። ይሄን ያልለየ ሰው መስኮቱን ደረቱ ጋ ወይም ጉልበቱ ጋ ይጀምረዋል።

ደረጃ 2፦ ቃሉን በድምፅ ሳይሆን በፊደል ገልብጡ

ስልክ ላይ «ጃም ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ልመልስላችሁ አልችልም። የበር መቃን ሊሆን ይችላል። ማርማላታም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲጠሩ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ግን የመቃኑ አንድ ፊደል ይጨምራል።

እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ። «ስቶሪ» ፎቅም ነው፣ ተረትም ነው። «ሲሊንግ» ኮርኒስም ነው፣ ማሸግም ነው። «ፍሉ» የጭስ መውጫም ነው፣ ጉንፋንም ነው። እኛ በግዕዝ ፊደል ስንጽፋቸው ጭራሽ አይለዩም። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ የላቲን ፊደሎቹን አንድ በአንድ ገልብጡ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ድምፅ የሌላት ፊደል እንኳ አትዝለሉ። መዝገበ ቃላት የምትፈልጉትን የሚያውቀው በፊደሏ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀስቱን ተከተሉ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን አንብቡ

ብዙ ቃል ከጎኑ ቀጭን መስመር አለው። የመስመሩ ጫፍ ላይ ቀስት ወይም ነጥብ አለ። ጣታችሁን መስመሩ ላይ አድርጋችሁ እስከ ጫፉ ሂዱ። ጫፉ የነካው ነገር የቃሉ ትርጉም ነው። ቀልድ አይደለም፤ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ እዚህ ያልቃሉ።

ቀስት ከሌለ ቁጥሩን እዩ። ከቤቱ መወጣጫ ደረጃ የተሻለ መለማመጃ የለም። ደረጃው ላይ አራት ቃላት ታገኛላችሁ።

«ሪዘር» እግራችሁን የምታነሱበት ቁመት ነው። «ትሬድ» የምትረግጡበት ወርድ ነው። ከንግዱ «ትሬድ» ጋር ደግሞ በፊደል ይለያል። «ፍላይት» ሳይቋረጥ የሚወጣው የደረጃ ረድፍ ነው። «ላንዲንግ» መሐል ላይ የምታርፉበት ሜዳ ነው። አንድ ልጅ ፍላይትና ላንዲንግ አንድ ወረቀት ላይ አይቶ «የኤርፖርት ፕላን ነው እንዴ?» ብሎኛል። አልፈረድኩበትም።

አሁን በቁጥር እናረጋግጥ። እኛ አገር ፕላኖች ላይ ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር የሚል ቁመት በብዛት ታገኛላችሁ። ቁጥሩ እንግዳ የሚመስለው ለምንድን ነው? 17 ሴንቲን በ18 አባዙ። 306 ይመጣል። ስለዚህ 18 ሪዘር፣ እያንዳንዱ 17 ሴንቲ። ደረጃው ሁለት ፍላይት ከሆነ በእያንዳንዱ 9 ሪዘር አለ። 9 ጊዜ 17 ደግሞ 153 ነው። ላንዲንጉ አጠገብ +1.53 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ የሪዘር፣ የፍላይትና የላንዲንግ ትርጉም ያለ መዝገበ ቃላት ተረጋገጠ ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። በአንድ ፍላይት የትሬድ ብዛት ከሪዘር በአንድ ያንሳል። 9 ሪዘር ካለ 8 ትሬድ ነው። ዘጠነኛው እርምጃ የሚያርፈው ላንዲንጉ ላይ ስለሆነ። ትሬዱ 30 ሴንቲ ከሆነ ፍላይቱ ፕላን ላይ 2.40 ሜትር ይወስዳል፤ 2.70 አይደለም። በዚች 30 ሴንቲ ምክንያት ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ደረጃ አይቻለሁ።

እግር እንዲመቸውም ማየት ትችላላችሁ። ሪዘሩን ሁለቴ፣ ትሬዱን አንዴ ደምሩ። ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ባለው ውስጥ ከወደቀ ይመቻል። 17 እና 17 እና 30፣ 64 ነው። ጥሩ ነው። ድምሩ በጣም ከራቀ ወይ ቃሎቹን አቀያይራችኋል፣ ወይ ፕላኑ ላይ ጥያቄ አለ።

ስለ መደመርና መቀነስ ምልክቶቹም ይኸው ነው። ±0.00 አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው የምድር ቤት ወለል ነው። ሌላው ሁሉ ከእሱ ይለካል። −0.45 ካለ ከወለሉ 45 ሴንቲ ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግቢው።

ደረጃ 4፦ ሳይት ላይ ምን እንደሚሉት ጠይቁ

ወረቀቱ እንግሊዝኛ ይናገራል። ሳይቱ ግን ግማሽ አማርኛ፣ ግማሽ ጣሊያንኛ ነው። በወረቀቱ ስም ብትጠሩት ግንበኛው ዝም ብሎ ያያችኋል። ስለዚህ ሦስተኛውን ዓምድ ሙሉ።

«ሪኢንፎርስመንት ባር» ፌሮ ነው። «ስላብ» ሶሌታ፣ በኮንክሪት የሚሞላው ወለል። «ፎርምወርክ» ካሳ ፎርማ፣ ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ። «ስከርቲንግ» ዞኮሎ፣ ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው። «ፕላስተሪንግ» ልስን። «ጋተር» አሸንዳ። «ሆሎው ኮንክሪት ብሎክ» በቃ ብሎኬት ነው። «ኮለም» ምሰሶ ነው። ሲጻፍ እንደዚህ ነው፤ ሲጠራ ግን ኮለን የሚለው ይበዛል። «ፕላምብ» ቱንቢ ያልተዛነፈበት ማለት ነው። «ሌቭል» ግን ሁለት ነው። አንዱ ፕላኑ ላይ ያለው የከፍታ ቁጥር ነው። ሌላው ግንበኛው የሚያስቀምጠው ውሃ ልክ ነው።

የድሮ ቤት ቃሎቻችንም አይጣሉ። «ሊንቴል» ስትሉ ከበርና ከመስኮት በላይ ጭነቱን የሚሸከመው ነው፤ ጉበን። «ትሬሾልድ» ደፍ ነው። አያታችሁ የሚያውቁት ቃል ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይገባችኋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በሁለቱ ቋንቋዎች የሚመሳሰሉ ግን የማይገናኙ ቃላት አሉ። ዋናው «ኮርኒስ» ነው። እኛ ኮርኒስ የምንለው ከውስጥ ቀና ስንል የምናየውን ነው፤ ቺፑዱን፣ ጂብሰሙን። በእንግሊዝኛ ግን «ኮርኒስ» የግድግዳው አናት ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራ ጌጥና ጠርዝ ነው። የእኛን ኮርኒስ እነሱ «ሲሊንግ» ይሉታል።

ይሄን ስሕተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። እትዬ የምላቸው አንድ ደንበኛ በስልክ ቃሉን አነበቡልኝ። እኔም ችኩል ነኝ፣ «ኮርኒስ ነው እትዬ» አልኩ። እሳቸው ለሦስት ክፍል የቺፑድ ዋጋ ሲያፈላልጉ ዋሉ። ማታ ወረቀቱን ሳየው ኤሌቬሽን ነበር። ቀስቱ የነካው የውጭውን ግድግዳ አናት ነው። ደረጃ 1ን ብጠይቃቸው ኖሮ አንድ ቀን ባላቃጠልኳቸው።

አንድ የአማርኛ ቃል ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ሲሸፍንም እንዲሁ ይቸግራል። በረንዳ ስንል ሁሉንም ነው። ፕላኑ ግን ይለያል። «ቬራንዳ» ብዙውን ጊዜ ምድር ላይ ያለ፣ ጣሪያ ያለው ነው። «ባልኮኒ» ከላይኛው ፎቅ ወደ ውጭ የወጣ ነው። «ቴራስ» ሰማይ የሚታይበት ክፍት ወለል ነው። ልዩነቱ ገንዘብ ነው። ቴራስ ከሆነ የውሃ መከላከያ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ክረምት ላይ ከሥሩ ያለው ክፍል ያፈሳል። «ሰርቪስ»ም እንዲሁ። እኛ ጓሮ ያለውን ቤት ነው የምንለው። ፕላን ላይ ግን የቧንቧና የመብራት መስመርም ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ የምታውቁትን ቃል ጠርጥሩ

የማታውቁት ቃል አደገኛ አይደለም፤ ትጠይቃላችሁ። የሚያሳስተው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቁት ቃል ነው። አይታችሁት ታልፋላችሁ። እንግሊዝኛ የሚችሉ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው።

ለምሳሌ «ፓርቲ ዎል»። ድግስ የለበትም። ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ነው። ፕላናችሁ ላይ ካለ ያለ ጎረቤት ፈቃድ መነካት የሌለበት ነገር እንዳለ ይንገራችሁ።

«ዴድ ሎድ» ሬሳ አይደለም። ቤቱ ራሱ የሚመዝነው ነው፦ ሶሌታው፣ ግድግዳው፣ ልስኑ። «ላይቭ ሎድ» ደግሞ የሚመጣና የሚሄደው ነው፦ ሰው፣ ሶፋ፣ ቁም ሣጥን። ለመኖሪያ የተሰላ ወለል ላይ መጋዘን ማድረግ የማይቻለው ላይቭ ሎዱ ስለሚለያይ ነው።

«ከርተን ዎል» መጋረጃ አይደለም፤ ግን ስሙ ምክንያት አለው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቆማችሁ 209 ሜትር ገደማ የሚሆነውን አዲሱን የንግድ ባንክ ሕንፃ ቀና ብላችሁ እዩ። ያ መስታወት ወለሎቹን አይሸከምም። ከወለሎቹ ላይ እንደ መጋረጃ የተሰቀለ ነው። ራሱን ይይዛል፣ ንፋስ ይመክታል፣ በቃ።

«ስቴይንድ ግላስ» የቆሸሸ መስታወት አይደለም። «ስቴይን» እድፍ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። ባለ ቀለም መስታወት ነው። ካዛንቺስ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ይኸው ነው፤ ስፋቱ ወደ 150 ካሬ ሜትር ነው።

«ሼድዩል» ስትሉ ቀጠሮ ትጠብቃላችሁ። «ዶር ሼድዩል» ግን የበሮች ሠንጠረዥ ነው፦ ስንት፣ በምን ልክ፣ ከምን። «ቢል ኦፍ ኳንቲቲ» የሚከፈል ደረሰኝ አይደለም፤ የሥራ ዝርዝር ከነመጠኑ ነው። «ፊኒሽ» መጨረስ ሳይሆን ላዩ የሚለብሰው ነው፦ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ቴራዞ። «ፍላሽ ዶር» ከሽንት ቤት ጋር አይገናኝም፤ ላዩ ልሙጥ የሆነ በር ነው። «ፌር ፌስድ» ውብ ፊት አይደለም፤ ልስን ሳይደረግለት እንዳለ የሚታይ ኮንክሪት ነው። ስለዚህ ሲሞላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሚሸፍንላችሁ ልስን የለም። «ሜክ ጉድ» ደግሞ «አሳምር» ሳይሆን «ያበላሸኸውን እንደነበረ መልስ» ነው።

«ቮይድ» ከተጻፈ ክፍል አይደለም። ወለል የለም፤ ከታች ያለው ፎቅ ይታያል። አንድ ሰውዬ ቮይዱ ላይ አልጋ ሊያስገባ አቅዶ ነበር።

«ታይፒካል» ስትሉ ደግሞ ተራ ቤት ይመስላችኋል። «ታይፒካል ፍሎር» ማለት ግን ከዚህ እስከዚያ ያሉት ፎቆች አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሦስት ፕላን ብቻ ያለው። ገጽ የጠፋ መስሏችሁ አትደንግጡ።

ደረጃ 6፦ አሕጽሮቶቹን ለብቻ ገጽ ስጧቸው

አጭር ነው። መጀመሪያ «ሌጀንድ» ወይም «ጀነራል ኖትስ» የሚለውን ገጽ ፈልጉ፤ ብዙው እዚያ ተፈቷል። የቀሩትን በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ጻፉ።

- «ኤፍ ኤፍ ኤል»፦ ሴራሚኩ ሁሉ ከገባ በኋላ ያለው የወለል ከፍታ።
- «ኤን ጂ ኤል»፦ ምንም ሳይቆፈር ያለው የመሬት ከፍታ።
- «ኤን ቲ ኤስ»፦ በስኬል አልተሣለም፣ አትለኩት።
- «ሲ ስላሽ ሲ 20»፦ ከአንዱ ፌሮ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 20 ሴንቲ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይደለም።
- «ሲ-25»፦ የኮንክሪቱ ጥንካሬ። የስሚንቶ ከረጢት ብዛት አይደለም።
- «ደብሊው ሲ»፦ ሽንት ቤት። «ክሎዜት» ያለው ግን ቁም ሣጥን ነው። «ደብሊው ሲ» ሲዘረዘር «ወተር ክሎዜት» ስለሆነ ሰው ያምታታል።
- «ጂ ፕላስ 2»፦ ምድር ቤትና ሁለት ፎቅ፤ ባጠቃላይ ሦስት ወለል።

የመጨረሻው ላይ ልጨምር። እኛ እንደ እንግሊዞቹ «ፈርስት ፍሎር» የምንለው ከምድር ቤት በላይ ያለውን ነው። አሜሪካኖች ግን ምድር ቤቱን ራሱን «ፈርስት ፍሎር» ይሉታል። ዳያስፖራ ዘመድ ፕላን ልኮላችሁ ከሆነ ከሁሉ በፊት ይሄን ጠይቁት።

ደረጃ 7፦ ደብተሩን ይዛችሁ በእግር ውጡ

ከማዘጋጃ ቤት ተነስታችሁ ቸርችል ጎዳናን ወደ ለገሃር ውረዱ። ወረቀት ላይ ያነበባችሁትን ቃል ሕንፃ ላይ ፈልጉ። አንዴ በዓይናችሁ ያያችሁት ቃል አይጠፋባችሁም፤ ዋናው ምክንያት ይኼ ነው።

መንገዱ ራሱ «ግሬዲየንት» ያስተምራችኋል፤ ቁልቁለት። ዳገት ላይ የቆመ ሕንፃ ስታገኙ በሁለቱም በኩል እዩት። ከላይ በኩል በቀጥታ የምትገቡበት ወለል፣ ከታች በኩል ፎቅ ይሆናል። «ሎወር ግራውንድ» እና «ቤዝመንት» የሚለያዩት እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው በታችኛው በኩል ወደ ውጭ ክፍት ነው፣ ሁለተኛው ከመሬት በታች ነው። አፈሩን ደግፎ የያዘውን የድንጋይ ግንብ ስታዩ «ሪቴይኒንግ ዎል» ብላችሁ ጻፉ። አጥር ይመስላል። አጥር ግን አፈር አይሸከምም።

ጣሪያ ላይ ቀና በሉ። ከጣሪያው ጠርዝ ከፍ ያለው አጭር ግድግዳ «ፓራፔት» ነው። አናቱ ላይ ውሃ እንዳይገባ የተደፋው «ኮፒንግ» ነው፤ ፎቶ ኮፒ አይደለም። ለገሃር ስትደርሱ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ላይ ኮርኒሱን፣ የእነሱን ኮርኒስ ማለቴ ነው፣ ፈልጉት።

ድሮ «አርኬድ»ን፣ በቅስቶች የተደረደረውን መተላለፊያ፣ የማሳየው እዚሁ ፒያሳ የነበረ ሕንፃ ላይ ነበር፤ ፈርሷል። አሁን በፎቶ አሳያለሁ።

ማሳሰቢያ፦ የሰው ሕንፃ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ። ባንክና የመንግሥት ሕንፃ ላይ በተለይ። እርሳስና ደብተር ማንንም አያስቆጣም።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

ወረቀቱን በማስመሪያ መለካት። ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው። በ1 ለ100 ስኬል 1 ሴንቲ አንድ ሜትር ነው። ግን ለኤ1 የተዘጋጀውን ፕላን ኮፒ ቤት ኤ3 ላይ ካወጡት ሁሉ ነገር በግማሽ ያንሳል። 4 ሜትር የነበረው ክፍል ማስመሪያችሁ ላይ 2 ሜትር ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም «1 ለ100» ይላል፤ ኮፒ ማሽኑ ጽሑፉን አያርምም። የተጻፈውን ቁጥር ብቻ እመኑ። ማስመሪያው የተጻፈ ልክ ካለው መስመር ጋር አመሳክራችሁ ወረቀቱ መቀነሱን ለማወቂያ ነው።

የስልክ ትርጓሜን ብቻ ማመን። ስልኩ ወረቀቱን አላየም። «ኮቨር»ን «ክዳን» ይላችኋል። ስትራክቸር ላይ ግን ፌሮውን የሚሸፍነው የኮንክሪት ውፍረት ነው። «ኮቨር 2.5» የሚለውን «ክዳን» ብሎ ያለፈ ሰው ፌሮውን ካሳ ፎርማው ላይ ያስተኛዋል። ከዓመታት በኋላ ይዝጋል፣ ኮንክሪቱም ይፈነዳል።

«ኤግዚስቲንግ» እና «ፕሮፖዝድ»ን አለመለየት። የመጀመሪያው ያለ ነው። ሁለተኛው ሊሠራ የታሰበ ነው። ዕድሳት ላይ እነዚህን ያቀያየረ ሰው የሚቆየውን ግድግዳ ያፈርሳል።

ማስጠንቀቂያ

የቃል ትርጉም ማወቅ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም። ቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ)፣ ኮለን፣ ፉቲንግ (የምሰሶው መሠረት)፣ ፌሮ የሚሉት አካባቢ ያለ ቃል ከሆነ፣ ገባኝ ብትሉም እንኳ መሐንዲሱን ሳትጠይቁ ምንም አታስቀይሩ። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል የተባለ ነገር ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ባለቤት የለውም።

ሁሉንም ሞክራችሁ ካቃታችሁ ላኩልኝ። ግን ሙሉ ወረቀቱን፣ ከነታይትል ብሎኩ። ቃሉን በእርሳስ አክብቡት፤ ቀስቱ የነካውንም ነገር እንዲሁ። ከሥሩ ደግሞ የራሳችሁን ግምት ጻፉ። ግምት የሌለበትን ፎቶ መጨረሻ ላይ ነው የምከፍተው።